ላኪውም ተቀባዩም አንድ የሆነበት ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 37 ነው። በአዲስ አበባ መሐል ከተማ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በገንዘብ ተቀባይነት ከተቀጠርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዲግሪዬን በማታ ስማር ግማሹን የከፈሉልኝ፣ ሳገባም በአባቴ ቦታ የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። ልጄ እዚያው ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል በነፃ ትማራለች።

ጋሼ ከሦስት ዓመት በፊት ሲታመሙ ሥራውን ለወንድ ልጃቸው አስረከቡ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ትልቁ ድርሻ አሁንም የጋሼ ሲሆን የቀረውን ወንድ ልጃቸውና አሜሪካ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ይዘውታል። ጋሼ ሥራ አስኪያጅ በነበሩበት ጊዜ ደመወዛቸው 38 ሺህ ብር ነበር። ዛሬ ልጃቸው 185 ሺህ፣ ምክትል የሆነችው ባለቤቱ 110 ሺህ፣ በወር አንድ ቀን ብቅ የሚሉት አማካሪ አጎታቸው ደግሞ 40 ሺህ ብር ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ የሥራ አስኪያጁን የግል መኪና በወር 60 ሺህ ብር ይከራያል። የመጨረሻውን የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። «ለ» ከሚለው ቀጥሎ የእሱ ስም ተጽፏል፤ ግርጌው ላይ ከማኅተሙ ሥርም የፈረመው እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን እየወደቀ ነው። አካባቢው ለልማት ሲነሣ ወላጆች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ 640 የነበረው የተማሪ ቁጥር 410 ሆነ። አማካይ ክፍያችን በወር 3 ሺህ 800 ብር ነው፤ የምንሰበስበውም ለ10 ወር ነው። የሕንፃ ኪራይ በወር 350 ሺህ ብር ይወስዳል። አማካይ ደመወዛቸው 14 ሺህ ብር የሆነ 34 መምህራን አሉን። ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ሞግዚቶቹን ጨምሮ ሌሎች 22 ሠራተኞች ደግሞ በአማካይ 6 ሺህ ብር ያገኛሉ። ሁሉም ተደምሮ የዓመቱ ወጪ ወደ 18 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። የመምህራኑ የጥቅምት ደመወዝ ግማሹ እስከዛሬ መጋቢት ድረስ አልተከፈለም። የእኔና የአስተዳደሩ ግን አንድም ወር አዛንፎ አያውቅም። ከሁሉም ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ እንቆርጣለን፤ ገቢ ካደረግን ግን ስምንት ወር አልፎናል። በር ላይ የሚጠብቁት አባባ ሦስት ወር ቆይተው ጡረታ ይወጣሉ። በየሳምንቱ አርብ መስኮቴ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ያቺ ቅጼ አለቀች?» ይሉኛል።

አሁን ሥራ አስኪያጁ በሚያዝያ ለሚደረገው የወላጆች ስብሰባ አንድ ገጽ ማብራሪያ እንዳዘጋጅ አዞኛል። 40 በመቶ የክፍያ ጭማሪ ሊጠይቅ ነው። ገጹ ላይ እንድጽፍ የነገረኝ ዐረፍተ ነገር «ከወጪያችን 70 በመቶው የመምህራን ደመወዝ ነው» የሚል ነው። 70 በመቶ የሚሞላው የእሱም፣ የሚስቱም፣ የአጎቱም፣ የዘበኛውም ደመወዝ አንድ ላይ ሲደመር ነው፤ መምህራኑ ብቻቸውን ከነጡረታቸው 35 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህንን ስነግረው «ወላጅ ዝርዝር አይገባውም፤ በሌላ ትምህርት ቤት ብሆን ከዚህ በላይ ይከፈለኛል» አለኝ። ኪራይ ሲያጥር ከኪሱ እንደሞላም ይናገራል።

አንዳንድ ማታ ፔሮሉን ፎቶ አንሥቼ በመምህራኑ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ልልቀቀው እላለሁ። ጠዋት ሲሆን ጋሼ ትዝ ይሉኛል። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልሆን ነው? ወይስ ዝም ብዬ ልልቀቅ? እባክዎ ምከሩኝ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ካልኩሌተር ይዤ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ወጪቱ እናውራ። ከጋሼ ማዕድ በልተሻል፤ አይካድም። ዲግሪሽን ከፍለውልሻል፣ በሠርግሽ ቀን አባት ሆነውልሻል። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጋሼ ያስተማሩሽ ምን እንድትሆኚላቸው ነው? የሒሳብ ባለሙያ ከሆነ፣ ዛሬ እንቅልፍ የነሣሽ እሳቸው የከፈሉበት ዕውቀት ነው። ውለታውን በዝምታ መክፈል እንዳለብሽ የሚነግርሽ ማን ነው? ጋሼ ራሳቸው ናቸው ወይስ ፍርሃትሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም።

ካነበብኩት የተረዳሁት ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ገመድ አስረሽ እንደምትሸከሚ ነው። አንደኛው የቤተሰቡ ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው ያልተከፈለው ጡረታና የተንጠለጠለው የመምህራን ደመወዝ፤ ሦስተኛው ደግሞ በአንቺ እጅ የሚጻፈው ገጽ። ሦስቱም ያናድዳሉ፤ ክብደታቸውም፣ በአንቺ ላይ ያላቸው ኃላፊነትም ግን አንድ አይደለም። በጣም ያቃጠለሽ የመጀመሪያው ይመስለኛል። አንቺን በቀጥታ የሚነካሽ ግን ሦስተኛው ነው።

ከደመወዙ እንጀምር። የሦስቱ ሰዎች ድምር በወር 335 ሺህ ብር ነው፤ ይህ የ24 መምህራን ደመወዝ ያህል ነው። ከ14 ሺህ ብር ደመወዝ ላይ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት 2 ሺህ 850 ብር፣ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር ሲቆረጥ መምህሩ እጅ ላይ የሚደርሰው 10 ሺህ 170 ብር ነው። ለመኪናው ኪራይ የሚከፈለው 60 ሺህ ብር ከስድስት መምህራን የወር ገቢ ጥቂት ቢያንስ ነው። እንዲህ ተደርድሮ ሲታይ መናደድሽ አይደንቀኝም። እኔም ተናድጃለሁ።

ነገር ግን ሒሳብ ዐዋቂ ነሽና አብረን እንቁጠር። የጠፉት 230 ተማሪዎች በዓመት 8 ሚሊዮን 740 ሺህ ብር ገቢ ነበሩ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ነዋሪው ሲነሣ የተማሪ ወንበር ባዶ የቀረበት ትምህርት ቤት የእናንተ ብቻ አይደለም። ይህንን ያህል ጉድጓድ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ አልቆፈረውም። ጋሼ ዛሬም በ38 ሺህ ብር ቢሠሩ ኖሮ እንቅልፍ ያጡ ነበር። የደመወዙ ጥፋት ሌላ ነው፤ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም የወሰነው እሱ ነው። ገቢው ሲያንስ የመምህሩ ጥቅምት ተቆረጠ፣ የአባባ ጡረታ ቆመ፣ ወላጅ 40 በመቶ ሊጠየቅ ነው፤ የአስተዳደሩ ደመወዝ ግን አልተነካም፤ እንዲያውም ጨመረ። አሁን የምትሰበስቡት 15 ሚሊዮን 580 ሺህ ብር ከሆነና ወጪው 18 ሚሊዮን ከሆነ ጉድለቱ 2 ሚሊዮን 420 ሺህ ነው። የሦስቱ ሰዎች ደመወዝ በድምሩ ወደ 135 ሺህ ብር ቢወርድና የመኪናው ኪራይ ቢቀር፣ የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ ድርሻም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ይተርፋል። 135 ሺህ ብር ማለት ጋሼ ያገኙት ከነበረው ሦስት እጥፍ ተኩል ነው፤ ቤተሰቡ አይራብም። በአንጻሩ የታሰበው 40 በመቶ ጭማሪ፣ አንድም ተማሪ ካልለቀቀ፣ 6 ሚሊዮን 232 ሺህ ብር ያመጣል። ይህ ከጉድለቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በእርግጥ ውዝፉ መከፈል አለበት፣ ለመምህራንም መጨመር ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ወላጅ ይህንን ቢያውቅ «ትርፉ ለምን ይውላል?» ማለቱ አይቀርም፤ ሥራ አስኪያጁም መልሱን ማዘጋጀት ያለበት ሳይጠየቅ ነው።

ለሥራ አስኪያጁም ትንሽ ልሟገትለት። «ሌላ ቦታ ከዚህ በላይ ይከፈለኛል» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ዋጋ ከመምህር ደመወዝ ጋር ብቻ አይለካም። ከኪሱ ሞላሁ ያለውም ውሸት ነው ብለሽ አትነሺ። ይልቅስ መዝገቡን ተመልከቺ። ኪራይ ሲያጥር ያስገባው ገንዘብ በብድርነት ተመዝግቧል? ውል አለው? ካልተመዘገበ ሰውየው በደመወዝ ስም ብድሩን እያስመለሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይለሰልሳል፤ ብድሩ በብድርነት ይመዘገባል፣ ደመወዙ ወደ ደመወዝነቱ ይመለሳል። ይህንን ጥያቄ ከአንቺ በላይ ሊጠይቅ የሚችል ሰው የለም። ጥያቄው ደግሞ ክስ አይደለም፤ ሥራሽ ነው።

ደመወዙ ውስጥ አንድ ነገር አስተውለሽ ይሆናል። የትርፍ ድርሻ የሚከፋፈለው ትርፍ ሲኖር ነው፤ ደመወዝ ግን ከሰረም አልከሰረም ይከፈላል። ባለድርሻ የሆነ ሥራ አስኪያጅ ደመወዙን ከፍ ሲያደርግ፣ ሌሎቹ ባለድርሻዎች ሊካፈሉት የሚችሉት ገንዘብ ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ላኪና ተቀባዩ አንድ ሰው መሆኑ የጨዋነት ጉድለት ብቻ አይደለም። በአባላት ስብሰባ የተወሰነ፣ በቃለ ጉባኤ የሠፈረ ነገር አለ? አሜሪካ ያለችው እህት ፈርማለች? በነገራችን ላይ እሷ በምትኖርበት አገር ለትርፍ ያልቆሙ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የከፍተኛ ኃላፊዎቻቸውን ደመወዝ ቅጽ 990 በሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያሳውቃሉ፤ ሰነዱንም የፈለገ ሰው ያየዋል። የእናንተ የንግድ ማኅበር ስለሆነ ያ ሕግ አይነካችሁም። እሷ ግን «ደመወዙን ማን ወሰነው?» የሚለው ጥያቄ ነውር ያልሆነበት ቦታ ነው የምትኖረው።

እንግዲህ የደመወዙ መጠን በራሱ፣ የቱንም ያህል ቢያስቀይም፣ የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። ልትቃወሚው ትችያለሽ፤ ልታቆሚው ግን ሥልጣን የለሽም። ይህንን ሸክም ከጀርባሽ ላይ አውርጂው።

ጡረታው ግን ሌላ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላል፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥበታል። ያ 7 በመቶ ከመምህሩ ኪስ የወጣ የመምህሩ ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤቱ እንደ ጊዜያዊ ብድር ሲጠቀምበት ማንንም አላስፈቀደም። በየወሩ ፔሮሉ ላይ «ተቆርጧል» ብሎ የሚጽፈው ደግሞ የአንቺ ክፍል ነው። የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ተነሥቶ ስለሆነ፣ የአባባ ስምንት ክፍት ወራት የወደቁት በጣም በሚፈለጉበት ቦታ ላይ ነው። የግል ሠራተኛው ጡረታ ያገኘው ገና በ2003 ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ዘበኛ ከዚያ በፊት የሠራበትን ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው ያሳለፈው።

ሦስተኛው ያ ገጽ ነው። እዚህ ላይ ማመንታት የለብኝም፦ ያንን ዐረፍተ ነገር አትጻፊው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በአንድ ድርጅት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አለቃዬ ያልተደረገ ስብሰባ ተደረገ ብዬ እንድጽፍ ጠየቀኝ፤ ጻፍኩለት። ጉዳዩ ትንሽ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ግን አለቃዬ አንድም ቀን «ትችያለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር። አንቺም ዘንድሮ 70 በመቶውን ከጻፍሽ፣ ለከርሞ ሌላ ቁጥር ተዘጋጅቶ ይመጣልሻል።

እምቢ ማለት ግን በር ወርውሮ መውጣት አይደለም። የአንቺ ሙያ ጥሩነቱ ተቃውሞሽን በሠንጠረዥ መልክ ማቅረብ መቻልሽ ነው። እሱ የጠየቀውን አንድ ገጽ አዘጋጂለት፤ ወጪውን ግን በትክክለኛ ስሙ ከፋፍይው። የመምህራን ደመወዝ ብቻውን፣ የድጋፍ ሠራተኞች ብቻውን፣ የአስተዳደር ደመወዝ ብቻውን፣ ኪራይ፣ ሌላ ወጪ፣ ከታች ደግሞ ያልተከፈለ ውዝፍ። የማንም ስም አይኑርበት። ከሥሩ ሁለት አማራጭ ስሌት ጨምሪ፦ የአስተዳደር ወጪው ቢቀንስ ስንት በመቶ ጭማሪ ይበቃል፣ ባይቀንስስ ስንት ያስፈልጋል። ከዚያ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት፣ ሳትናደጂ፣ ለብቻው ስታገኚው እንዲህ ልትይው ትችያለሽ፦ «ያዘዙኝን አዘጋጅቻለሁ። የመምህራኑን ድርሻ 70 በመቶ ብዬ መጻፍ ግን አልችልም፤ ከወላጆች መካከል አንድ የባንክ ሠራተኛ ቢኖር በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል፣ የሚያፍረውም ትምህርት ቤቱ ነው። የእርስዎ ደመወዝ ቢቀንስ መጀመሪያ የሚያምኑዎት ወላጆቹ ናቸው። የጡረታውን ውዝፍ ደግሞ በየወሩ እንዴት እንደምንከፍል ዕቅድ አውጥቻለሁ፤ አባባን እናስቀድም።» ቃላቱን ወደ አንደበትሽ መልሻቸው። ዋናው ነገር ከውርደት የሚወጣበትን መንገድ ይዘሽለት መግባትሽ ነው። ለወላጆች «እኔም ደመወዜን ቀንሻለሁ» ብሎ የሚቆም ሥራ አስኪያጅ፣ ጭማሪ ጠይቆ ከሚሳካላቸው ጥቂቶች አንዱ ይሆናል።

ይህንኑ ጉዳይ በዚያው ቀን በአጭር የውስጥ ማስታወሻ ጽፈሽ፣ በቁጥርና በቀን መዝግበሽ ስጪው። ማስፈራሪያ አይሁን፤ ሦስትና አራት መስመር ይበቃል። ነገ «ሒሳብ ክፍል አላሳወቀኝም» የሚል ቀን ቢመጣ ያቺ ማስታወሻ ትመልስልሻለች።

አንድ በር ደግሞ ያልጠቀስሽው አለ፤ ኦዲተሩ። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት የሚዘጋጅ የሒሳብ መግለጫ የቁልፍ ኃላፊዎችን ጠቅላላ ክፍያ፣ እንዲሁም ድርጅቱ ከባለድርሻውና ከቤተሰቡ ጋር የሚያደርገውን ግብይት በማብራሪያው ላይ ያሳያል። መኪናው እዚያ ይገባል፣ የአጎትየው 40 ሺህም ስም ያገኛል። ማብራሪያውን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ በትክክል አዘጋጂው፣ ኦዲተሩ ሲጠይቅም በትክክል መልሺ። ያ መግለጫ ለጋሼም፣ አሜሪካ ላለችው ልጅም የሚደርስ ነው፤ ምንም ሳታሾልኪ፣ ማንንም ሳታሳጪ ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ልሂድ ወይ የሚለው ልብሽ ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል፤ በግልጽ ግን አልጻፍሽውም። ሕመማቸው እንዴት ነው? ነገሩን ሰምተው ሊወስኑ ይችላሉ ወይስ ሰምተው ሊብሰለሰሉ ብቻ ነው? ልጃቸውን ሳታናግሪ ቀድመሽ አባቱ ጋ ብትሄጂ፣ ነገሩ ከሒሳብ ወጥቶ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል፤ መካከል ላይ የምትቀሪውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን። ማስታወሻሽን ተቀብሎ ገጹን ሌላ ሰው እንዲጽፈው ካደረገ፣ ያኔ ትልቁን ድርሻ የያዙትን ሰው ማሳወቅ ሐሜት አይደለም። ስትሄጂም የልጃቸውን ደመወዝ ይዘሽ አትሂጂ፤ የአባባን ጡረታ ይዘሽ ሂጂ። ጋሼ ራሳቸው የቀጠሯቸው ሰው ናቸው እኮ።

የቴሌግራሙን ነገር ተዪው። የሠራተኛ ፔሮል ከአንቺ እጅ ከወጣ፣ በማግስቱ የሚወራው ስለ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ስለ አንቺ ነው፤ ምናልባትም የሥራ ውልሽን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ ምክንያት ትሰጫቸዋለሽ። የመምህራኑ የራሳቸው ደመወዝና ጡረታ ግን ሚስጥር አይደለም። እያንዳንዱ መምህር የራሱን የጡረታ መዋጮ ገቢ መሆን አለመሆኑን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የመጠየቅ መብት አለው። ሌላም አለ፤ ይህ አይደር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የጥቅምቱ ግማሽ ደመወዝ እንግዲህ ሚያዝያ ሲያልቅ ጊዜው ያልፋል። ልክ የወላጆች ስብሰባ ግርግር በሚሆንበት ወር! ሥራ አስኪያጁ «ከስብሰባው በኋላ እንነጋገራለን» ቢላቸው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ መብታቸውን ሊያስቀርባቸው ይችላል። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ለመምህራኑ ተወካይ «ይህንን አንቀጽ አንብቡት» ማለት የማንንም ሚስጥር ማውጣት አይደለም። ከተቻለ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ የክፍያ ቀን እንዲሰጣቸው አንቺው ሐሳብ አቅርቢ፤ ለሁሉም ወገን ከክስ ይሻላል።

ወላጆቹንስ? በስብሰባው ላይ ተነሥተሽ እንድትናገሪ አልመክርሽም። ትምህርት ቤቶች ክፍያ ለመጨመር ሲያስቡ ወላጆችን ሰብስበው ማወያየት ይጠበቅባቸዋል፤ ስብሰባው ለዚሁ ነው። ከወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት አንዱ «የመምህርና የአስተዳደር ደመወዝ ተለይቶ ይቅረብልን» ብሎ መጠየቁ የሚጠበቅ ነገር ነው። ጥያቄው ከመጣና አንቺ መድረኩ ላይ ካለሽ፣ የምትሰጪው ቁጥር እውነተኛው ይሁን። ከዚያ ያለፈውን ለእነሱ ተዪው።

አሁን ስለ ራስሽ። አንድ መስመር ላይ ቆም አልኩ፤ «የእኔና የአስተዳደሩ ግን አንድም ወር አዛንፎ አያውቅም» ያልሽበት ላይ። ለምን ይመስልሻል? የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ደስተኛ እንድትሆን የሚፈልግ አለቃ ሞኝ አይደለም። ይህ ወንጀልሽ አይደለም፤ ምናልባት ግን እንቅልፍ ከሚነሱሽ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ቀጣዩን ወር ደመወዝሽን ከመምህራኑ ጋር በአንድ ቀን ለመውሰድ ብትጠይቂስ? ቤትሽ ይችለዋል? ባለቤትሽ ምን ይላል? ካልቻላችሁ ይቅር፤ ጀግንነት በልጅ ዳቦ ላይ አይደረግም። ከቻላችሁ ግን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገቢ እግርሽ ይጸናል።

መልቀቁን በሚመለከት፣ ዛሬውኑ ልቀቂ አልልሽም፤ እስከ መቼም ቆዪ አልልሽም። ልጅሽ 6ኛ ክፍል ናት፤ በዓመቱ መጨረሻ ከተማ አቀፍ ፈተና አለባት፤ በነፃ ትምህርቷም ቤታችሁ ብዙ ተደግፏል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርጊ። የሥራ ማመልከቻሽን ከአሁኑ አዘጋጂ፤ 11 ዓመት የሠራ የትምህርት ቤት ሒሳብ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አያጣም። ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ አትርሺ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤም መብትሽ ነው፣ ልመና አይደለም። ከዚያ ደግሞ ለራስሽ አንድ መስመር አስምሪ፦ ሐሰተኛው ገጽ በአንቺ ስም ከወጣ፣ ወይም ጡረታው ሰኔ ድረስ አንድም ወር ካልተከፈለ፣ ማመልከቻው ይሄዳል። መስመሩን ለማንም አትንገሪ፤ የት እንዳለ አንቺ ማወቅሽ ይበቃል። ካመነታሽና አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቀው ከፈለግሽ፣ ባለቤትሽ ይወቀው።

ሥራ አስኪያጁም ምናልባት ያስገርምሽ ይሆናል። ወራሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ «አባትህ እንዲህ አልነበሩም» መባልን ከኪሳራ በላይ ይፈራል፤ ስለዚህ ያንን ዐረፍተ ነገር ከአፍሽ አታውጪው። በጋሼ አታወዳድሪው። በቁጥሩ ብቻ አናግሪው።

ሰኞ ስትገቢ ግን ከሠንጠረዡም፣ ከማስታወሻውም በፊት የአባባን ፋይል አውጪ። የቀሩትን ስምንት ወራት፣ የእሳቸውን 7 በመቶና የትምህርት ቤቱን 11 በመቶ ለብቻው ደምሪ። ደመወዛቸው በአማካዩ 6 ሺህ ብር ከሆነ ድምሩ 8 ሺህ 640 ብር ነው፤ የመኪናው ኪራይ የአምስት ቀን ሒሳብ እንኳ አይሞላም። የክፍያ ትእዛዙን አዘጋጅተሽ ለብቻው ለፊርማ አቅርቢው። አርብ መስኮትሽ ላይ ሲመጡ የምትነግሪያቸው ነገር ይኑርሽ። ከዚያም ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።